ኳንተም ኮምፒውተር ሳይደርስ፦ ለደብረ ታቦርና ለአካባቢዋ ድርጅቶች የመረጃ ጥበቃ መመሪያ

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በነፋስ መውጫ ወይም በአዲስ ዘመን ክሊኒክ ለሚያስተዳድሩ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር ለሚመሩ፣ የግል ትምህርት ቤት ላላቸው እና የእርዳታ ተቀባዮችን ዝርዝር ለሚይዙ ሰዎች ነው። ድንች ወይም የፎገራ ሩዝ ገዝተው የሚሸጡ ነጋዴ ከሆኑ ደረጃ አራትን ብቻ አንብበው ወደ ሥራዎ ቢመለሱ ቅር አይለኝም። ዘንድሮ ድንቹን በስንት እንደገዙ ከሃያ ዓመት በኋላ ቢታወቅ የሚጎዳ ሰው የለም። የአንዲት ነፍሰ ጡር የደም ምርመራ ውጤት ግን ዛሬም፣ ልጇ አድጎ ሲዳርም ምስጢር ሆኖ መቆየት አለበት። ስለ ኳንተም ኮምፒውተር ሲወራ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ማሽኑ መቼ እንደሚመጣ ነው። ለእርስዎ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የያዙት መረጃ ስንት ዓመት ምስጢር ሆኖ መቆየት አለበት?

አደጋው የቱ ጋ ነው

ከስልክዎ ወደ ባንክ የሚሄደው መልእክት መንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚጠብቁት ሁለት ዓይነት ምስጠራዎች ናቸው። በአንደኛው ላኪና ተቀባይ አንድ የጋራ ቁልፍ አላቸው፤ ከዚህ ወገን በጣም የታወቀው ኤኢኤስ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ በፊት ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ወገኖች፣ መሐል ላይ ሌላ ሰው እየሰማቸውም ቢሆን፣ ያንን የጋራ ቁልፍ እንዲስማሙበት ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተፈጠረው አርኤስኤ የዚህኛው ወገን ነው። ጉልበቱ ያለው በአንድ የሒሳብ ችግር ላይ ነው፦ ሁለት ግዙፍ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል ሲሆን፣ ከውጤቱ ተነስቶ የተባዙት ቁጥሮች የትኞቹ እንደነበሩ ማወቅ ግን ለዛሬ ኮምፒውተር የማይሞከር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ፒተር ሾር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ፣ በቂ አቅም ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ከተገኘ ይህን ችግር በአጭር ጊዜ እንደሚፈታው አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሎቭ ግሮቨር ሌላ ዘዴ አመጣ፤ የግሮቨር ዘዴ ግን የጋራ ቁልፉን ምስጠራ ያዳክመዋል እንጂ አይሰብረውም። 256 ቢት ቁልፍ ያለው ኤኢኤስ በኳንተም ፊትም ቢሆን ጠንካራ ሆኖ ይቀራል። ይህን ልዩነት ይያዙልኝ፤ ብዙ ሰው «ኳንተም ሲመጣ ፓስወርድ ሁሉ ይሰበራል» ሲል እሰማለሁ፤ እንደዚያ አይደለም። የሚሰበረው በዋናነት ቁልፍ የምንለዋወጥበት መንገድና ዲጂታል ፊርማ ነው።

ማሽኑስ የት ደርሷል? ጎግል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ያስተዋወቀው ዊሎ የተባለው ቺፕ 105 ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር የስሌት መሠረታዊ አሃድ) ነበረው። አይቢኤም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ 1,121 ኪዩቢት ያለው ቺፕ አሳይቷል። 2,048 ቢት ያለውን አርኤስኤ ለመስበር የሚያስፈልገው ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት 20 ሚሊዮን ያህል ኪዩቢት ያስፈልጋል ብሎ ነበር። ከዚያ ጥናት አዘጋጆች አንዱ የሆነው ክሬግ ጊድኒ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ስሌቱን ከልሶ፣ ከ1 ሚሊዮን ባነሰ ኪዩቢት ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይቻላል አለ። ማሽኑ ሳይሠራ፣ በወረቀት ላይ ብቻ፣ ግምቱ በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሃያኛ ወረደ። እኔን የሚያሳስበኝ ከኪዩቢቱ ብዛት ይልቅ ይህ ነው።

ማሽኑ ገና ካልመጣ ለምን ዛሬ? ገበሬ እህሉን ለማስገባት ወፍጮ እስኪተከል አይጠብቅም፤ አጭዶና ወቅቶ ጎተራ ያስገባዋል፣ ወፍጮው ሲመጣ ያስፈጨዋል። አቅም ያላቸው የስለላ ተቋማትም በኢንተርኔት የሚያልፈውን የተመሰጠረ መረጃ ዛሬ ማንበብ ባይችሉም ሰብስበው ማስቀመጥ ይችላሉ። ማሽኑ ሲደርስ ያኔ ያነቡታል። እርግጥ ነው፣ የደብረ ታቦርን ክሊኒክ ለይቶ የሚፈልግ የውጭ ሰላይ የለም። ነገር ግን በጅምላ የሚሰበሰብ ነገር የማን እንደሆነ አይመረጥም።

ደረጃ 1፦ የያዙትን ይመዝግቡ

ኦዲተር ሊመጣ ነው እንደተባለ አድርገው ይቁጠሩት። አንድ ደብተር ይያዙና በአምስት ዓምድ ይክፈሉት፤ የመረጃው ዓይነት፣ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ማን እንደሚያየው፣ ወደ ውጭ የሚላከው በምን እንደሆነ፣ እና ስንት ዓመት ምስጢር መሆን እንዳለበት። አምስተኛውን ዓምድ ለጊዜው ባዶ ይተዉት።

ክሊኒክን እንውሰድ። ካርድ ክፍል ያለው ወረቀት የታወቀ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የውጤት መዝገብ አለ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ኮምፒውተር በኤክሴል የታካሚ ስም፣ ስልክና የሚከፈል ሒሳብ ይይዛል። ሒሳብ ሠራተኛው ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ፋይል በየወሩ በፍላሽ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ከዚያ የማይመዘገበው ይመጣል፦ የላቦራቶሪ ባለሙያው ለሐኪሙ ውጤት በስልክ ፎቶ አንስቶ የሚልክበት የቴሌግራም ግሩፕ። ግሩፑ ከተከፈተ አራት ዓመት ሊሆነው ይችላል፣ ከለቀቁት ሠራተኞች ሁለቱ አሁንም ውስጡ ይኖራሉ፤ ወደ ላይ እየተሳበ ቢታይ የአራት ዓመት ምርመራ ከነስሙ እዚያው ተደርድሯል። ደብተሩ ላይ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ይህ ነው።

የቁጠባና ብድር ማኅበር ከሆኑ የአባላቱን መታወቂያ ኮፒ፣ የዋሶችን ስም፣ የመሬት ይዞታ ደብተር ፎቶ እና የብድር ታሪክ ይፈልጉ። ብዙ ማኅበር የፋይዳ መታወቂያ ፎቶ በሠራተኛ የግል ስልክ ጋለሪ ውስጥ፣ ከልደትና ከሠርግ ፎቶ ጋር ተቀላቅሎ ያገኛል።

ደረጃ 2፦ ዓመቱን ይጻፉ

አሁን አምስተኛውን ዓምድ ይሙሉ። ካናዳ የሚሠራው ሚኬሌ ሞስካ የተባለ ተመራማሪ ያወጣው ቀላል ስሌት አለ። መረጃው ምስጢር ሆኖ መቆየት ያለበትን ዓመት ይያዙ። አሠራርዎን ወደ አዲሱ ምስጠራ ለመቀየር የሚፈጅብዎትን ዓመት ይደምሩበት። ድምሩ ኳንተም ኮምፒውተር እስኪመጣ ከቀረው ዓመት ከበለጠ ዘግይተዋል ማለት ነው።

ማሽኑ መቼ እንደሚመጣ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም፤ መንግሥታት የያዙት ቀን ግን አለ። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭሩ ኒስት፣ በረቂቅ የሽግግር ዕቅዱ አርኤስኤንና መሰሎቹን እ.ኤ.አ. እስከ 2035 ሙሉ በሙሉ ከሥራ ለማውጣት አስቧል። የእንግሊዝ የሳይበር ደህንነት ማዕከልም የመጨረሻውን ቀን 2035 አድርጎታል። በእኛ አቆጣጠር 2028 ዓ.ም. አካባቢ መሆኑ ነው። እንግዲህ ዛሬ የተላከ የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ቢያንስ 50 ዓመት መጠበቅ አለበት። ለመቀየር 5 ዓመት ይፈጃል ቢባል 55 ይመጣል። እስከ 2028 ዓ.ም. የቀረውን ራስዎ ይቁጠሩት።

በሌላ በኩል የሆቴልዎ የአልጋ መዝገብ፣ የዕለት ሽያጭ፣ የመኪና ጭነት ሰነድ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለማንም አይጠቅምም። የሞባይል ባንኪንግ ፒንም እንዲሁ ነው፤ ነገ ይቀይሩታል። የጣት አሻራና የዓይን ምስል ግን አይቀየርም፤ የፋይዳ ምዝገባ ወይም የአሻራ መፈረሚያ መሣሪያ ካለዎት ከሁሉም በላይ ያስቀምጡት። የተረጂዎች ዝርዝርም ልብ ይባል። ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክና የቤተሰብ ብዛት አንድ ላይ የያዘ ወረቀት፣ ባለፉት ዓመታት እንዳየነው ግጭት ባለበት አገር፣ በማን እጅ እንደሚገባና ምን እንደሚደረግበት አይታወቅም።

ደረጃ 3፦ የማያስፈልገውን ያጥፉ

ከዚህ መመሪያ ውስጥ ምንም ገንዘብ የማይጠይቀውና ብዙ የሚጠቅመው ይህ ነው። ለምን እንደያዙት የማይመልሱት መረጃ ካለ ያስወግዱት። ብድሩ ተከፍሎ ካለቀና በሕግ የሚያዝበት ጊዜ ካለፈ የመታወቂያው ፎቶ ምን ይሠራል? አሮጌውን የቴሌግራም ግሩፕ ለሁሉም አባላት እንዲጠፋ አድርገው ይሰርዙት። መታወቂያ አይቶ ቁጥሩን መመዝገብ ከበቃ ፎቶ አያንሱ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ፣ ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ እንዲያዝ። የጤና መረጃንና አሻራን የመሰሉትን ደግሞ በተለየ ጥንቃቄ የሚያዙ ብሎ ለይቷቸዋል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁን «ለአዲስ አበባ ባንኮች ነው» ብሎ የሚተወው ሰው ብዙ ነው፤ ጋይንት ያለ ክሊኒክንም ይመለከተዋል።

እግረ መንገዴን፦ ኳንተም ኮምፒውተር ፈጽሞ የማይደርስበት ማኅደር በብረት ካዝና የተቆለፈ የወረቀት መዝገብ ነው። ኮምፒውተር የለኝም ብለው የሚያፍሩ ከሆነ አይፈሩ። የደብረ ታቦር ክረምት እርጥበትና አይጥ ግን ለወረቀቱ ከኳንተም ይብሳሉ።

ደረጃ 4፦ የዛሬውን ቀዳዳ ይድፈኑ

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ምን እንደሆነ አይረሳም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ጀመሩ፤ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሄደ። ባንኩ እንደገለጸው የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ የራሱ ሲስተም ላይ ከተደረገ ሥራ የመጣ ስህተት ነበር። ትልቁ ባንክ በተራ ስህተት እንዲህ ከሆነ፣ የእርስዎም ድርጅት ከኳንተም በፊት የሚጎዳው በተራ ነገር ነው።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ይመልከቱ። ብዙ ቢሮ ውስጥ አሁንም ዊንዶውስ 7 አለ፣ እሱም ክራክ የተደረገ። እዚህ ላይ ጉዳዩ ከኳንተም ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ክሮም ለዊንዶውስ 7 የሚሆን አዲስ ሥሪት ማውጣት ያቆመው 109 ላይ ነው። አዲሱን ኳንተም የማይሰብረውን የቁልፍ ልውውጥ፣ በደረጃ 5 በማነሳው የኒስት ደረጃ መሠረት፣ የሚሠራው ደግሞ ክሮም 131 እና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ያ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ላይ እስካለ ድረስ በክሮም ወደ አዲሱ ምስጠራ አይገባም። ባንኩ ቢዘጋጅ፣ ሰርቨሩ ቢዘጋጅ፣ ወደ ኋላ የሚቀረው የእርስዎ ማሽን ይሆናል። ዊንዶውስ 10ም ቢሆን ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ተቋርጦበታል። አዲስ መግዛት ካልቻሉ ሊኑክስ አሮጌ ማሽን ላይ በነጻ ይጫናል።

ሁለተኛ፣ አፕዴት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ በዚያ ጊዜ የቆሙ ኮምፒውተሮችና ስልኮች እስከ ዛሬ ያልታደሱ አሉ። «ዳታ ይበላል» ተብሎ አውቶማቲክ አፕዴት የተዘጋባቸውም ብዙ ናቸው። በወር አንድ ቀን ለይተው፣ ዋይፋይ ካለበት ቦታ ሁሉንም ያድሱ።

ሦስተኛ፣ ፍላሽ። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የታካሚ ዝርዝር ለማተም ፍላሽ መሰካት የተለመደ ነው። ፋይሉ እዚያ ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ ተገልብጦ ይቀራል፣ ፍላሹ ደግሞ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ምስጢር ያለበትን ነገር በራስዎ ፕሪንተር ብቻ ያትሙ።

አራተኛ፣ የሚቀመጠውን ፋይል ይመስጥሩ። ሰቨን ዚፕ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። ፎልደሩን በቀኝ በኩል ባለው የማውዝ ቁልፍ ይጫኑ፣ ከሰቨን ዚፕ ምናሌ ወደ ማኅደር መጨመር የሚለውን ይምረጡ። የማኅደሩን ዓይነት ሰቨን ዜድ ያድርጉት፤ ዚፕ የሚለውን ከተዉት ፕሮግራሙ ካልቀየሩት በቀር ደካማውን ዚፕክሪፕቶ ይጠቀማል። ፓስወርድ ያስገቡ፣ ዘዴው ኤኢኤስ 256 መሆኑን ይዩ፣ የፋይሎቹንም ስም እንዲመሰጥር የሚጠይቀው ሣጥን ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ያለበለዚያ ይዘቱ ተደብቆ «የኤችአይቪ ዝርዝር» የሚለው የፋይል ስም ይነበባል። ከላይ እንዳልኩት ይህ ኤኢኤስ 256 በኳንተም አይሰበርም። የሚሰበረው ፓስወርድዎ የከተማው ስምና 123 ወይም የስልክ ቁጥርዎ ከሆነ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ወይም ስድስት ቃላት ይደርድሩ። ጽፈው በፖስታ አሽገው ካዝና ያስገቡት፣ ከእርስዎ ሌላ አንድ ሰው የት እንዳለ ይወቅ። አንዱን ቅጂ ባሕር ዳር ላለ የሚያምኑት ሰው ይስጡ፤ እሳትና ጎርፍ አንድ ቤት ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን ይወስዳል።

አምስተኛ፣ ፒን። የሱቅ ሠራተኛ የባለቤቱን የቴሌብር ፒን የሚያውቅ ከሆነ ስለ ኳንተም ማውራት ትርፍ ነው።

ደረጃ 5፦ የሚልኩበትን መንገድ ይፈትሹ

ሰላዮች እንደ እህል በጎተራ የሚያከማቹት መንገድ ላይ ያለ መረጃ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡት።

ኒስት ለስምንት ዓመት ያህል ዓለም አቀፍ ውድድር ሲያካሂድ ቆይቶ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሦስት ደረጃዎችን አወጣ፤ ለቡሄ ስድስት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው። ፊፕስ 203 ቁልፍ ለመለዋወጥ ሲሆን ዘዴው ኤምኤል-ኬም ይባላል። ፊፕስ 204 እና 205 ለዲጂታል ፊርማ ናቸው። ሦስቱም የሚሠሩት በዛሬው ተራ ኮምፒውተር ነው፤ ኳንተም ማሽን መግዛት አያስፈልግም። ክሮምና ፋየርፎክስ ኤምኤል-ኬምን አስገብተውታል፤ ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ የሚያስተናግዳቸው ድረ ገጾችም ይቀበሉታል። ስለዚህ ሳያውቁት እየተጠቀሙበት ሊሆን ይችላል።

ለማወቅ እንዲህ ያድርጉ። ኮምፒውተር ላይ ክሮምን ይክፈቱ፣ የሚጠቀሙበትን የባንክ ወይም የሒሳብ ሲስተም ገጽ ያስገቡ፣ ኤፍ12 የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። በሚከፈተው መስኮት ውስጥ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ይምረጡና ስለ ግንኙነቱ የተጻፈውን መስመር ያንብቡ። በእንግሊዝኛ ፊደል ኤም፣ ኤል፣ ኬ፣ ኢ፣ ኤም የሚሉ ተከታታይ ፊደላት ካሉበት ግንኙነቱ አዲሱን ዘዴ ይዟል። ኤክስ25519 ብቻ ከሆነ ወይም አርኤስኤ የሚል ካለ አልያዘም። የእያንዳንዱን ገጽ ውጤት ደብተርዎ ላይ ይጻፉ፤ ለሚቀጥለው ደረጃ ያስፈልግዎታል።

መልእክት መላላኪያን በተመለከተ፣ ተራው የቴሌግራም ውይይት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ምስጢራዊ ቻት የሚባለውም ቁልፍ የሚለዋወጠው ኳንተም በሚሰብረው አሮጌ ዘዴ ነው። ሲግናል ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኳንተምን የሚቋቋም ዘዴ ጨምሯል። የላቦራቶሪ ውጤት የግድ በስልክ መላክ ካለበት ወደ ሲግናል ይዛወር፣ መልእክቱም ከተወሰነ ቀን በኋላ ራሱ እንዲጠፋ ይደረግ። ለሠርግ ጥሪና ለዕቃ ዋጋ ቴሌግራም ምንም አይልም።

ነጻ ቪፒኤንን ግን ለድርጅት ሥራ አይጠቀሙ። ኢንተርኔት በተገደበ ጊዜ የጫኑት ቪፒኤን እስከ ዛሬ ስልክዎ ላይ ካለ፣ የመልእክትዎን መንገድ ሁሉ ለማያውቁት ኩባንያ አስረክበዋል ማለት ነው። ያጥፉት።

ደረጃ 6፦ ለአቅራቢዎችዎ ይጻፉ

ባንኩን፣ ቴሌብርን፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውን እርስዎ መቀየር አይችሉም። መጠየቅ ግን ይችላሉ፤ በጽሑፍ የተጠየቀ ድርጅት ደግሞ መዝገብ ላይ ያስገባዋል። የሒሳብ ሶፍትዌር ለሸጠልዎ፣ የሆስፒታል ወይም የማኅበር ሲስተም ለሠራልዎ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦

ለ……………… (የአቅራቢው ስም)
ጉዳዩ፦ ስለ መረጃ ምስጠራ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ድርጅታችን በእናንተ ሲስተም የደንበኞቹን የግል መረጃ እንደሚያስተዳድር ይታወቃል። በመሆኑም፦ አንደኛ፣ መረጃው በሚላክበትና በሚቀመጥበት ጊዜ የሚመሰጠረው በየትኛው ዘዴና በስንት ቢት ቁልፍ እንደሆነ፤ ሁለተኛ፣ ሲስተሙ ፊፕስ 203፣ 204 እና 205 ወደተባሉት ደረጃዎች የሚሸጋገርበት ዕቅድ መኖሩንና በየትኛው ዓመት እንደሚጠናቀቅ፤ ሦስተኛ፣ ሽግግሩ ተጨማሪ ክፍያ ወይም አዲስ ዕቃ የሚጠይቅ መሆኑን፤ አራተኛ፣ ውላችን ቢቋረጥ መረጃችን ተመልሶልን ከእናንተ ሰርቨር የሚጠፋበትን ሥርዓት በጽሑፍ እንድትገልጹልን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ማኅተም አድርገው ይላኩ፣ ቀሪውን ፋይል ያድርጉ። «ሲስተማችን መቶ በመቶ ሴኪዩር ነው» የሚል መልስ ከመጣ መልስ አይደለም፤ የዘዴውን ስም ይጠይቁ። «ስለዚህ ነገር ገና አላጠናንም፣ እስከዚህ ቀን እንመልሳለን» የሚል መልስ የተሻለ ነው።

ዲጂታል ፊርማ የሚጠቀሙ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ይሄዳል። በኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የአገሪቱ የዲጂታል ምስክር ወረቀት ሥርዓት የሚመሠረተው በእሱ ላይ ነው። ፊርማን ግን ከቁልፍ ልውውጥ በኋላ ያስቡበት። ዛሬ የተሰበሰበ መልእክት ነገ ይነበባል፤ ፊርማ ግን የሚጭበረበረው ማሽኑ ከመጣ በኋላ ስለሆነ ጊዜ አለ። ለሠላሳ ዓመት የሚጸና ውል በዲጂታል ብቻ ከመፈረም ግን አንዱን ቅጂ በወረቀትና በቀለም ያኑሩ።

ደረጃ 7፦ ሲገዙ

«ኳንተም የማይበግረው» እያለ ሣጥን የሚሸጥ ሰው ወደ ከተማችን መምጣቱ አይቀርም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ ከፊፕስ ደረጃዎች የትኛውን ይከተላል? «የራሳችን ምስጢራዊ ዘዴ ነው» ካለ በር ያሳዩት። በምስጠራ ዓለም ማንም ያልመረመረው ዘዴ አይታመንም። የተመረመረውም እንኳ ይወድቃል፤ በኒስት ውድድር አራተኛ ዙር የደረሰው ሳይክ የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2022 በተራ ኮምፒውተር በአንድ ሰዓት ገደማ ተሰበረ። ለዚህ ነው ክሮምም ሆነ ሲግናል አዲሱን ዘዴ ለብቻው ያልተጠቀሙት፤ ከአሮጌው ጋር አጣምረውታል፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲቆም። እርስዎም የሚገዙት ዕቃ እንዲህ የተጣመረ መሆኑን ይጠይቁ።

ራውተር፣ የደህንነት ካሜራ ወይም ሰርቨር ሲገዙ ዋጋውን ብቻ አይዩ፤ ለስንት ዓመት አፕዴት እንደሚያገኝ ይጠይቁ። ዘንድሮ ተገዝቶ አሥር ዓመት የሚያገለግል፣ ነገር ግን የማይታደስ ዕቃ 2028 ዓ.ም.ን በአሮጌ ምስጠራ ይቀበላል። ባሕር ዳር ወርደው ሲገዙ በርካሹ የሚሰጡዎት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

ማን ይርዳዎት

ለዚህ ሥራ አማካሪ ከአዲስ አበባ ማስመጣት አያስፈልግም። ደረጃ አንድና ሁለትን ባለቤቱና ሒሳብ ሠራተኛው ተቀምጠው ይጨርሱታል። ለደረጃ አራትና አምስት፣ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጋፋት ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ስሙ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበትን ጋፋትን የሚያስታውስ ነው። ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች ይህን ዓይነቱን ሥራ ቢሰጣቸው ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ነገር ግን የታካሚ ፋይል አያሳዩዋቸው፤ ኮምፒውተሩን ይፈትሹ፣ ይዘቱን አይክፈቱ፣ የምስጢር ጥበቃ ስምምነትም ይፈርሙ።

የቁጠባ ማኅበራት ደግሞ በዩኒየናቸው በኩል ደብዳቤውን በጋራ ቢጽፉ ይሻላል። አንድ የፋርጣ ማኅበር ብቻውን ቢጠይቅ አቅራቢው ላይሰማው ይችላል፤ ሃያ ማኅበር በአንድ ማኅተም ሲጠይቅ መልስ ይመጣል።

ክሊኒክ ወይም የቁጠባ ማኅበር ካለዎት እስከ ፊታችን ሰኞ ሁለት ነገር ያድርጉ፤ የቴሌግራሙን ግሩፕ ይዝጉ፣ ደብዳቤውን ይላኩ።